ሐሙስ ሐሙስ መናኸሪያ የሚያስተምሩት መምህር

ቢፍቱ መናኸሪያው በር ላይ ስትደርስ የስድስተኛ ‹ለ› ተማሪዎች ደብተራቸውን ከፍተው የጉደር ሚኒባስ ከበዋል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጉደር! የሞላ ጉደር!» ይላል፤ ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። መምህር ዘሩባቤል ባርኔጣቸውን አውልቀው የረዳቱን ትከሻ ነካ አደረጉት።

«ወንድሜ፣ ቤትህም እንዲህ ነው የምትጮኸው?»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ረዳቱ ደንግጦ። «ቤትማ እናቴ አለች።»

«ጻፉ!» አሉ መምህሩ ወደ ልጆቹ ዞረው። አርባ ሦስት እስክሪብቶ ደብተር ላይ ወረደ።

ቢፍቱ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። የመጣችው አርባ ሦስት ልጆችና አንድ መምህር ሰብስባ ለመመለስ ነው፤ በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ እንሂድ» አለች።

«አንዴ ቆይ፣ ልጄ። ስለ ሰውየው ገና አላወራንም፤ ቦታው ላይ ነን።»

በየከተማው ቢያንስ አንድ እንዲህ ዓይነት መምህር አለ። የሌለበት ከተማ ካለ ትምህርት ቤት የለውም ማለት ነው። ክፍል አይበቃውም። የኮቱ ኪስ ከጠመኔ ብዛት ነጭ ነው። ለቅሶ ቤት ያስተምራል፤ ጤና ጣቢያ ተራ ሲጠብቅ ያስተምራል፤ ጸጉሩን እየተቆረጠ በመስታወት ውስጥ ያስተምራል። ሳይፈተን ቤቱ የሚገባ ሰው ቢኖር አጠገቡ ያልተቀመጠ ብቻ ነው። ለአምቦ የደረሷት ክቡር መምህር ዘሩባቤል ናቸው፤ የሃያ ስድስት ዓመት የአማርኛ መምህር፣ የቦታ ጉዳይ ከፍተኛ ባለሥልጣን።

ትምህርታቸው አንድ ነው። በታሪክ ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚሠራው ያለበት ቦታ ነው ይላሉ። አንድ ልጅ ተነስቶ «ልጁ ጀግና ነው፣ ደግ ነው» ማለት ሲጀምር እጃቸውን ያነሳሉ።

«ሰውየውን ተወውና ቦታውን ንገረኝ!»

ይህ ትእዛዝ ከክፍል ከወጣ ቆይቷል። የቢፍቱ እህት ጊፍቲ ስታገባ ሙሽራው አዳራሹ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። አንዲት አክስት «ምን ዓይነት ጭምት ልጅ ነው!» አለች። መምህሩ ከሦስት ወንበር ማዶ ጎንበስ ብለው «እትዬ፣ መጀመሪያ ሱቁ ሄደው ይዩት» አሏት። አክስቲቱ ሰኞ ሙሽራው የሚሠራበት የቆርቆሮ ሱቅ ሄደች፤ ጭምቱ ልጅ ደንበኛ ላይ ሲጮህ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ከጊፍቲ እናት ጋር ለሁለት ወር አልተነጋገረችም።

ለመምህራኑም ያስተማሩት ነገር አለ። ርዕሰ መምህሩን ኦቦ ቀነዓን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቢሮ እንዳይሄድ፣ ሻይ ቤት በርጩማ ላይ ሲቀመጡ እንዲጠብቃቸው። ይሠራል። ቢፍቱ ራሷ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ተፈቅዶላታል። ከማን እንደተማረችው ግን ለማንም አልነገረችም።

የመናኸሪያው ነገር የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንድ የባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ የሚናገር ምንባብ ነበር። መምህሩ በፈተና «ታሪኩ የተፈጸመው የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሠላሳ በላይ ልጆች «ገጽ አርባ ሰባት ላይ» ብለው መለሱ። መምህሩ ወረቀቱን ቤት ወስደው አደሩ፤ ሳያርሙት መለሱት። በቀጣዩ ሐሙስ ልጆቹን አሰልፈው በበሩ ወጡ። ዘበኛው የት እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው «ባሕር የለንም፤ መናኸሪያ ግን አለን» አሉት።

ዘንድሮ አንድ አባት የወላጆች ቴሌግራም ላይ ፎቶ አየ። ልጁ ደራርቱ ደብተሯን የአውቶቡስ ጎማ ላይ አስደግፋ ትጽፋለች። አቤቱታው አጭር ነበር፦ «ልጄን የላክሁት ትምህርት ቤት ነው እንጂ መናኸሪያ አይደለም።» ሁለት ወላጆች ጨምረው ፈረሙበት። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር እንደሚልክ አስታወቀ። የቀረበው ሐሳብም ታወቀ፦ መምህሩ ከክፍል ተነስተው የመጻሕፍቱን ክፍል ይጠብቁ። ጡረታ እስኪወጡ አራት ዓመት ከመደርደሪያ ጋር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ቢፍቱ በመጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከመሮጥ ታርፋለች።

ሱፐርቫይዘሩ ኦቦ ጋሮማ ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ጊንጪ ስለወረዱ በቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኦቦ ጋሮማ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህር ዘሩባቤል የጥፋተኛ ተማሪ ወላጅ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ገጥመው ባርኔጣቸውን እላዩ ላይ አኖሩ።

«ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ አስወጥተዋል?»

«አዎ።»

«ከመጽሐፉ ወጥተዋል?»

«ኤዬ። ማለቴ፣ አዎ።»

«እስቲ ዘዴዎን ያስረዱኝ። እየሰማሁ ነው።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቦታ… ገጸ ባሕርዩን… ተማሪዎቹ ሲያዩት…» አሉ። ባርኔጣቸውን ገለበጡት። ከዚያ መልሰው አቀኑት።

ኦቦ ጋሮማ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

ቢፍቱ ጠበቀች። ሙሽራ ያስገመገመ፣ የጉደር ረዳት ያስደነገጠ አፍ ነው። ወንበሩን አየችው፤ ጠረጴዛውን አየችው። ሰውየውን ተወችና ቦታውን አየች። በራሷ ተናደደች፤ ቢሆንም ተናገረች።

«ኦቦ ጋሮማ፣ የቀረውን ስድስተኛ ‹ለ› ክፍል ብንጨርሰው?»

«ለምን?»

«ቢሮው ይጠባል።»

አሥራ አምስት ሰው የሚይዝ ቢሮ ነው። ኦቦ ጋሮማ ዙሪያውን ተመለከቱ። ጨዋ ሰው ስለሆኑ ግን ተነሱ።

መምህር ዘሩባቤል የክፍሉን ደፍ ሲረግጡ ባርኔጣው መስኮቱ ላይ ወጣ፤ ጠመኔው ከኪስ ወጣ። ኦቦ ጋሮማ መቀመጫ ፈለጉ። ጂቱ የምትባል፣ ከወንጪ መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ጠጋ አለችላቸው። ሱፐርቫይዘሩ የልጆች ዴስክ ውስጥ ገቡ፤ ጉልበታቸው እንጨቱን መታው። ቢፍቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ሌንጂሳ የሚባል ልጅ አለን» አሉ መምህሩ ለክፍሉ። «ዝምተኛ ነው። ሌላ አልነግራችሁም። ጊንጪ አስቀምጡት!»

«ደራርቱ!» ሲሏት ተነሳች። «ጊንጪ ከሆነ ቆሎ ይሸጣል፣ ቲቸር። አውቶቡሱ የሚቆመው ሦስት ደቂቃ ነው። ዝም ካለ ማን ይገዛዋል? ቆሎውን ይዞ ይቀራል። ሰው ‹ይሄ ልጅ ፈዛዛ ነው› ይለዋል።»

«እሱስ?»

«እሱም ያምናል።»

ኦቦ ጋሮማ የአቤቱታውን ወረቀት አዩ፤ የደራርቱንና የአባቷን ስም አዩ፤ ልጅቷን አዩ። ወረቀቱን አጠፉት።

«ወንጪ አስቀምጡት!»

ከሱፐርቫይዘሩ ጎን ቀጭን ድምፅ ወጣ። ጂቱ ነች፤ ከመስከረም ጀምሮ ቢሮ ስትጠራ አፏን የማትከፍት ልጅ።

«ወንጪ ፈረስ ይመራል፣ ቲቸር። አባቴ ፈረስ ያከራያል። ወደ ሐይቁ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ ከጮህክ ፈረሱ ይደነብራል፤ እንግዳው ይወድቃል። አባቴ ለፍላፊ ልጅ አይቀጥርም። ሌንጂሳን ይቀጥረዋል።»

«ከኋላ ነው ወይስ ከፊት የሚሄደው?»

«ከፊት! እሱ ነዋ የሚመራው!»

«ቆይ» አለ ከኋላ ሮብሳን የሚባል ልጅ። «ጊንጪ ፈዛዛ ያልነው ልጅ ወንጪ አለቃ ሊሆን ነው? ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ሁለት ነው እንዴ?»

«አንድ ነው» አሉ መምህሩ። «እሱን አልነካንም። የቀየርነው ቦታውን ነው።»

ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ ሌንጂሳ ጊንጪ ቢቆይ ጩኸት ይለምዳል አለ፤ ግማሹ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል አለ። በመሐል ከዴስኩ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

«እኔ የምለው፣ ልጁ አምቦ ቢመጣና ቢሮ ቢቀጠርስ?»

መምህሩ ዞረው አዩ።

«ኦቦ ጋሮማ፣ እዚህ የሚናገር ሰው እጁን አውጥቶ ነው።»

ቢፍቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የኦቦ ጋሮማ እጅ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ጣት፣ ልክ እንደ ልጆቹ።

«እሺ፣ ይናገሩ።»

«ቢሮ ከሆነ» አሉ ሱፐርቫይዘሩ ቀስ ብለው፣ «ዝምተኛ ሰው ቢሮ ውስጥ ጥፋተኛ ይመስላል።»

«ጎበዝ!» አሉ መምህር ዘሩባቤል። «ጻፉ!» አርባ ሦስት ልጆች ጻፉ። ኦቦ ጋሮማም የራሳቸውን ማስታወሻ ደብተር አወጡ።

ደወሉ ሲደወል ሱፐርቫይዘሩ ከዴስኩ ለመውጣት የሮብሳን እገዛ አስፈለጋቸው። ኮሪደሩ ላይ ኮታቸውን አስተካከሉና እንደገና ሱፐርቫይዘር ሆኑ።

«ያለ ፈቃድ ማስወጣቱ ጥፋት ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል» አሉ ለቢፍቱ። «ከክፍል የማንሳቱን ሐሳብ ግን አልደግፍም ብዬ እጽፋለሁ።»

«እሺ።»

«ቢሮው ግን አይጠብም።»

«አይጠብም» አለች ቢፍቱ።

መምህሩ ከኋላቸው መጡ፤ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ እጃቸው ነጭ ነው። የተወሰነውን ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመሰገኗትም። «ቢሮ ውስጥ ግን ምን ነካኝ፣ ልጄ?» አሏት። እውነት አልገባቸውም። ሌላውን ሁሉ የሚፈትኑ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን ፈትነው አያውቁም። ቢፍቱ ልትነግራቸው አሰበችና ተወችው። ከነገረቻቸው እስከ ማታ ያስተምሯት ነበር።

ማስጠንቀቂያው በማኅደራቸው ገብቷል። መምህር ዘሩባቤል ከስድስተኛ ‹ለ› አልተነሱም። የሐሙሱን የፈቃድ ደብዳቤ በየሳምንቱ የምትጽፈው ቢፍቱ ነች፤ እስከ ሰኔ መጀመሪያ አሥራ አራት ጽፋለች።