ስኳር ተሸካሚው ስብ

እኛ ጎጃሞች አንድ ነገር ከልባችን ስንፈልግ በራሳችን አፍ መጠየቅ ያሳፍረናል። ሰው እንልካለን። ይህን ኋላ ቀርነት የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቢቸና ባዮሎጂ ሳስተምር ከርሜ የደረስኩበት፣ የገዛ ሰውነታችን ህዋስም እንደኛው ይሉኝታ የያዘው መሆኑን ነው።

ልንገራችሁ። ስኳር ዝም ብሎ ሰተት ብሎ ሄዶ ፕሮቲን ላይ አይለጠፍም። ዶሊኮል የሚባል ባለ ረጅም ጭራ ስብ አለ፤ ህዋሱ ውስጥ ካለ ስስ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ስኳሮቹን አንድ በአንድ ይሸከማል። እኩሌታውን በውጭ በኩል ይቀበልና ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ አሥራ አራት ሲሞሉለት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለፕሮቲኑ ያስረክባል። ከዚያስ? ባዶውን ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ለሌላ መልእክት።

ይህን ሳስተምር ፊቴ ድቅን የሚሉት ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰውነታቸው ደልደል ያለ ስለሆነ ሲገቡ በሩ ይጨነቃል። ሞጣ ያለችውን ወይንሸትን ብወድ፣ የቅኔ መምህር የሆኑት አባቷ ሽማግሌዎቼን ሁለቴ መለሱብኝ። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው አሉ። ጋሽ ደምሴን ላክሁ፤ እኔ እንደ ወጉ ቤት ቀርቼ ስልኬ ላይ አፈጠጥሁ።

ጋሽ ደምሴ ኋላ እንደነገሩኝ፣ መምህሩ «ልጁ ምንድን ነው የሚያስተምረው?» ብለው ጠየቁ።

«ስለ ሰም ነው፤ ስኳር ስለሚሸከም ሰም» አሉ ጋሽ ደምሴ። ስብ ማለታቸው ነበር።

የቅኔ ሰው ሰም ሲባል ጆሮው ይቆማል። «ሰሙስ እርስዎ ነዎት እንበል። ወርቁ የታለ?»

«ወርቁ ቢቸና ቁጭ ብሏል። ይምጣ ካሉት ይመጣል።»

መምህሩ ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ አለቀ። ወይንሸትን አገባሁ።

ሰርጋችን ላይ ለጋሽ ደምሴ ከፊት ወንበር አስቀምጬላቸው ነበር፤ አልመጡም። ለሌላ ሰው ሽምግልና ግንደወይን ሄደው ኖሯል። ባዶውን ወንበር ሳይ የራሴ ትምህርት ትዝ አለኝ። ሰሌዳ ላይ «ባዶውን ይመለሳል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ሰውዬው የሚመለሱት ግን ወደ ባዶ ቤት ነበር።

ባለፈው እሑድ እኛ ዘንድ ምሳ በሉ። ሲጨርሱ ሆዴን ትክ ብለው አዩና፣ «ወፍረሃል» አሉኝ።

«የወይንሸት እጅ ነው፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ለሽምግልና ደርሰሃል ማለቴ ነው።» ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። «እንግዲህ ሰሙ አንተ ትሆናለህ።»

ገባኝ፤ ግን ከራሳቸው አፍ መስማት ፈለግሁ። «ወርቁስ?»

«ደብረ ወርቅ ናት» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።