ምቷን የማያዩት ደጋፊ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። ቡድኑ ሲያሸንፍ በእሱ ብርታት ነው፤ ሲሸነፍ በእናንተ ጥፋት። ተጫዋቹ ኳስ ከእጁ ቢያመልጠው፣ ዳኛው የሚታየው ነገር ቢሰወረው፣ በረዶ ሜዳውን ቢሸፍነው፣ ይህ ሰው ጥፋተኛውን የሚፈልገው ከገዛ ሳሎኑ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አውቃለሁ የሚለኝ ካለ፣ ወይ ሰፈሩን በደንብ አያውቀውም፣ ወይ ሰውዬው ራሱ ነው።

እኛ የአሜሪካዋ የቡፋሎ ከተማ ሰዎች፣ በተለይም የኛ መንገድ ነዋሪዎች፣ በዚህ ረገድ የታደልን ነን። ክቡር አቶ ካሲሚር ሮጋላ አሉልን። ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የአሳንሰር ጠጋኝ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ ሰው ወደ ላይ ሲያወጡ ኖረው፣ እሑድ እሑድ ከአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ።

ቤታቸው ጨዋታ ለማየት የሚሄድ ሰው ወንበር አይመርጥም። ወንበሩ ይመረጥለታል። እኔ አንድ ጊዜ ቦታ ጠፍቶ ማሞቂያው ሥር ተቀመጥኩ፤ ያን ቀን ቡድናችን ከሽንፈት አፋፍ ተመልሶ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያው ሥር ተፈርዶብኛል። አንድ ጎኔ ሲጠበስ ሌላው ጎኔ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ንፋስ ይቀዘቅዛል። ልነሳ ስል "ጎረቤቴ፣ ከተማውን ሙሉ ልታስለቅስ ነው?" ይሉኛል። ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ የከተማ ዕንባ ይከብዳል።

ባለቤታቸው ዋንዳ ግን ከኔ የባሰ ፍርድ ነው ያለባት። አንድ ዓመት ቡድናችን ተአምር የሠራው እሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ መጥበሻ ስታደርቅ ነበር። አሁን ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ያንኑ መጥበሻ ይዛ እዚያው ትቆማለች። አንድ ቀን መጥበሻው ከደረቀ መሰንበቱን ብትነግራቸው፣ ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ቡድኑን ትወደው እንደሆነና እንዳልሆነ ቁርጡን እንድትነግራቸው ጠየቋት። ዋንዳ ማድረቋን ቀጠለች።

ኳስ በተበላሸች ቁጥር ከሶፋው መሀል አንዲት ጥያቄ ትወጣለች፦ "ማነው የተነቃነቀው?" ተጫዋቹ የትና የት ባለ ሜዳ ላይ ተደናቅፎ ነው የወደቀው፤ ግን አንዳችን ተነቃንቀናል። እውነቱን ለመናገር ሁሌም የተነቃነቀ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ክቡርነታቸው ተሳስተው አያውቁም።

ደግሞ የአንዲት ቃል ነገር አለ። ድሮ፣ ቡድናችን ዋንጫውን ሊያነሳ አንዲት ምት ብቻ ቀርታው፣ ኳሷ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ማለፍ ሲገባት በቀኝ በኩል ወጣች። ከተማው አለቀሰ፣ ቆይቶም ተጽናና። ክቡርነታቸው ግን "ቀኝ" የሚለውን ቃል ከቤታቸው አባረሩት። እዚያ ቤት ሰው የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው፣ አለዚያም ወደ "ያኛው" ነው። የዓይን ሐኪሙ አንደኛውን ዓይናቸውን በስሙ ጠርቶ ሸፍኑ ቢላቸው፣ "ያኛውን ማለትህ ነው?" ብለው አርመውታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገምና "በአብ ቀኝ" የሚባልበት ሲደርስ ሳል ይይዛቸዋል። ቄሱ አዝነው አንድ እሑድ የጉሮሮ ከረሜላ ሰጧቸው። ተቀብለው አመሰገኑ፤ በሚቀጥለውም እሑድ በሰዓቱ ሳሉ።

የሁሉም ቁንጮ ግን የምቱ ነገር ነው። ጨዋታው በአንዲት ምት ላይ ሲንጠለጠል፣ ከተማው ሁሉ ዓይኑን ሲያፈጥ፣ ክቡርነታቸው ብድግ ብለው በወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እሳቸው ያዩት ምት ሁሉ ይስታል፤ እንዲህ ነው የሚያምኑት። ፊታቸውን ወደ ጋራዡ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። ውጤቱን የሚሰሙት ከአጥር ማዶ ካለው ከኦዴል ቤት ነው። የኦዴል ቴሌቪዥን በጣሪያ አንቴና ስለሚሠራ ከኛው ትንሽ ይቀድማል። ኦዴል ከጮኸ ገብታለች፤ ዝም ካለ ያው ዝም ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ኖረው፣ ቡድናችን በመጨረሻ ምት ካሸነፋቸው ጨዋታዎች አንዱንም በዓይናቸው ሳያዩ አርጅተዋል። ለምን ራሳቸውን እንደሚቀጡ ብጠይቃቸው፣ "ለሚወደው ነገር ጀርባውን መስጠት ያልቻለ ሰው ምኑን ወደደው?" አሉኝ። ይቺን አነጋገር ዋንዳ ፊት እንዳይደግሟት መከርኳቸው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሳቅ ነው። ለአንድ ሰው ግን ሳቅ አልነበረም፤ ለልጃቸው ለቴሳ።

ቴሳ አንድዬ ልጃቸው ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጥርስ ሐኪም ልታገባ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጥርሱም ያማረ ነው። ሳሎን ተጋብዞ መጥቶ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እጁን አፋተገና "እንግዲህ ይሄ አለቀ" አለ። አላለቀም። ከዚያ በኋላ ባለጋራዎቻችን አከታትለው አገቡና ተሸነፍን። ክቡርነታቸው አልተቆጡም። ካፖርቱን አምጥተው በገዛ እጃቸው አለበሱት፣ በሩንም ከፈቱለት። ከዚያ ወዲያ ስሙ በተነሳ ቁጥር "ማን?" ይላሉ። ሰው አባቷ ቤት "ማን?" እየተባለ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ጥርስ ሐኪሙ ቀረ። ቴሳም ክረምቱን አልቅሳ፣ በረዶ ወደሌለበት ወደ አሪዞና ሄዳ ሥራ ያዘች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ዌስሊ የሚባል ወጣት እጮኛ ይዛ መጣች። መዋኛ ገንዳ ነው የሚሠራው። በረዶ ሲረግጥ ጫማው እንደ ወንፊት ውኃ ያሳልፍ ነበር፤ ከፊቱ ግን ፈገግታ አልጠፋም። ከጨዋታው በፊት ቴሳ እኔ ቤት መጣች። ያኔ ሕፃን ሆና አጥሬን እየዘለለች ፖም ስትለቅም ትቀመጥ እንደነበረው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"አባዬ ካልወደደው አላገባውም ብዬ አልዋሽህም" አለችኝ። "አገባዋለሁ። ግን ከፍቶኝ ነው የማገባው። አሁንም 'ማን?' ካለኝ አልችለውም።"

ሁሉን ሕግ በአውሮፕላን ውስጥ አስጠንታው ነበር፤ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ "አለቀ" እንዳይል። አንዲት ነገር ብቻ ረሳች። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ያቺን የተባረረች ቃል አፉ ላይ ስለማያደርጋት፣ በዓለም ላይ መኖሯንም ይረሳል።

ዌስሊ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የፈተና ቦታ ነው። የዶሮ ክንፉን በላ፣ ሚጥሚጣ የመሰለው ድልህ አስነጥሶት ዕንባውን አወረደው፣ ክቡርነታቸውም በዚህ ተደሰቱ። አንድም ጊዜ አልተነቃነቀም። ክቡርነታቸው በእረፍቱ ሰዓት ወደኔ ዘንበል ብለው "ልጁ አቀማመጥ ያውቃል" ብለው ሹክ አሉኝ። ይህን ያህል ምስጋና እኔ ማሞቂያው ሥር ስጠበስ ከርሜ አላገኘሁም።

መጨረሻው መጣ። በሁለት ነጥብ እየተመራን ነው፤ ሰዓቱ አልቋል፤ የቀረችን ሦስት ነጥብ የምታመጣ አንዲት ምት ናት። ያውም ከቅርብ። ከገባች አሸነፍን። ዋንዳ መጥበሻዋን ይዛ ቦታዋን ያዘች። ክቡርነታቸው ከሶፋው ተነስተው፣ ቴሌቪዥኑን ላለማየት ፊታቸውን በእጃቸው ከልለው ወደ ወጥ ቤቱ በር አመሩ። ዌስሊ ሽማግሌውን አይቶ አዘነላቸው። ልጁን ያጠፋው ደግነቱ ነው።

"አይስጉ አቶ ሮጋላ" አላቸው፤ "ከዚህማ እኔም በቀኝ እግሬ አገባታለሁ።"

ዋንዳ መጥበሻውን ጣለችው። ቴሳ ዓይኗን ጨፈነች። ክቡርነታቸው ልጁን አዩት፣ ካፖርታቸውንም ሳይደርቡ ወጡ።

"ተከተለው" አለችኝ ዋንዳ ካፖርቱን ደረቴ ላይ እየጣለች። "ዛሬስ ብቻውን አይስማው።"

ጓሮ ስደርስ ክቡርነታቸው ግንባራቸውን በረዶ የያዘው የጋራዥ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው። ከቦታዬ ተነስቼ በመምጣቴ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

"ልጄ ምሳ ላይ ስትስቅ ሰማሃት?" አሉኝ።

ሰምቻታለሁ አልኳቸው።

"ከዚያ ከሌላው ጋር እንዲህ ስቃ አታውቅም።" ቀጥለው፣ ከግድግዳው ጋር እንደሚነጋገር ሰው፣ "በይ ግቢ። ዛሬ ብቻ ግቢ" አሏት ኳሷን።

ከኦዴል ቤት ምንም አልተሰማም። ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። በመጨረሻ ኦዴል ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ሰማን፤ ጥቂት ቆይቶ ከኛው ቤት የዋንዳ "ወይኔ" መጣ። ኳሷ በግራ በኩል ነው የወጣችው። ያን ስሰማ እዚያ ቤት ከእንግዲህ ግራም ሊቀር ነው፣ ሰው ፊት ለፊት ብቻ ሊሄድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስንገባ ዌስሊ ቆሟል። ቴሳ በሹክሹክታ ሁሉን ነግራዋለች፤ ፊቱ ነጥቷል። እሷ ደግሞ የልጁን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ይዛዋለች። አባቷ ሳያለብሱት ራሷ ልታለብሰው ነው። ሰውዬውን ዕድሜዬን ሙሉ ስወዳቸው ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

"አቶ ሮጋላ፣ እኔ አላወቅኩም ነበር፤ ይቅርታ፣ ጥፋቱ..."

ክቡርነታቸው እጃቸውን አነሱ። ያቺን "ማነው የተነቃነቀው?" የምትል ጥያቄ ጠበቅን።

"አየኋት" አሉ።

"ምኗን?" አለች ዋንዳ።

"ምቷን። ዛሬ አላስቻለኝም። ዞር ብዬ በመስኮቱ አየኋት። እኔ ነኝ ያሳትኳት።"

በዚያ በጓሮው መስኮት የሚታየው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ጀርባ ነው። ይህን ዋንዳ ታውቃለች፣ ቴሳ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግንባራቸው ላይ ደግሞ የጋራዡ በረዶ ገና አልቀለጠም። ዋንዳ ግንባራቸውን አየች፣ ቀጥላም እኔን አየችኝ።

"አዎ፣ አይተዋል" አልኩ። "ይቅርብዎ ብያቸው ነበር።"

መስኮቱን የማያውቀው ዌስሊ ብቻ ነው። መጥቶ ትከሻቸውን ያዝ አደረገና፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፣ ማንም እሳቸው ላይ እንደማይፈርድ፣ እሱ በበኩሉ ቂም እንደማይዝ ነገራቸው። ቡፋሎ ውስጥ ተወልዶ እዚያ ሳሎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሲወቀስ ኖሯል፤ ክቡርነታቸውን ይቅር ያላቸው ሰው ግን ያ የአሪዞና ልጅ የመጀመሪያው ነው። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት። አመሰግናለሁም አሉ። እኔ እሳቸውን ከዚያ ቀን አብልጬ ወድጃቸው አላውቅም።

ቴሳ ካፖርቱን ወንበር ላይ ጣለችው። መጥታ በእጅጌዋ የአባቷን ግንባር ጠረገች፤ ቀስ ብላ፣ ከሚገባው በላይ ደጋግማ ጠረገችው። ክቡርነታቸው በእጅጌዋ ሥር አሾልከው ልጁን አዩት።

"ሠርጉ መቼ ነው?"

"መስከረም ላይ አስበን ነበር" አለ ዌስሊ።

"መስከረም ጨዋታ ይጀመራል። ሰኔ አድርጉት" አሉት። "ይቺን ሠርግ እንኳ ፊቴን ሳላዞር ልያት።"