የሰበታው ዝምታ

አንድ አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት አንብቦ የተለከፈ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ የሰበታው መምህር ግርማ ነው። ያ አሜሪካዊ በተውኔቶቹ ንጉሥ አያነግሥም፣ ሰይፍም አያስመዝዝም። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ተቀምጠው ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። የልባቸውን አይናገሩም። ግርማም ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የሚመልሰው ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ነበር።

ሚስቱ አስካለ ጥላው ተፍኪ ወዳሉት ወላጆቿ ስትሄድ «አትሂጂ» አላላትም። ዓመት ቆይቶ በአሜሪካዊው ስልት ተውኔት ጻፈና ጥሪ ላከላት፤ የፊት ወንበርም አስያዘላት። አልመጣችም።

መጋረጃው ሲከፈት ግርማ መድረኩ ላይ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዝምታው የተውኔቱ ዋና ክፍል ነው። የሰበታ ሰው ግን እንዲህ የተቀመጠ ሰው አይቶ ዝም ማለት አልለመደም። ኦቦ ቶሎሳ የተባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው መድረኩ ላይ ወጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ሌሎች ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው።

«ማል ታቴ፣ መምህር? ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተብህ?»

«ኧረ ኦቦ፣ ይውረዱ! ቴአትር ነው።»

«ቢሆንስ? ለቴአትር ብለን ብቻህን እንተውህ? ምን ጎደለህ?»

በአሜሪካዊው ደንብ ስለ ዝናብ ማውራት ነበረበት። ግርማ ባዶውን ወንበር አየ።

«አስካለ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ለእርቅ ተፍኪ የሚሄዱትን ሦስት ሰዎች እዚያው መድረክ ላይ መረጡ። እኔም ከተመልካቹ መሃል ሆኜ በማስታወሻዬ «ተውኔቱ አላለቀም» ብዬ ጻፍኩ።