ጄኔራል መቀስ እና የዘገዩት ስምንት መኪኖች

ጥያቄው ይህ ነው፦ ወታደርና ጥይት የጫኑ ስምንት መኪኖች፣ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳሉ ከተባሉበት ኮረብታ አራት ሰዓት ሙሉ ዘግይተው የደረሱት ለምንድን ነው? የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰላሙን የፈረሙት ሰዎች እንኳ አርጅተው ሞተዋል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ በአማቴ ልብስ ስፌት ቤት ይኖራል፤ ያውም ያለ ኪራይ።

ያበቃ ጦርነት የሚባል ነገር የለም። በየሰፈሩ፣ ሌላው ትጥቁን ፈትቶ ሲተኛ ጦሩን ይዞ የሚቀር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ በብርጭቆና በክብሪት ሳጥን ይዋጋል። የእኛው ክቡር ጄኔራል መቀስ፣ ማለትም የባለቤቴ አባት፣ የሚዋጉት በአዝራር ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ጦሩ የሰጣቸው የጭነት መኪና መሪ ብቻ ነበር።

በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ሳልወድ በግድ ተምሬዋለሁና። የመቁረጫው ጠረጴዛ አገር ነው። የተዘረጋው ሜትር ወንዙ፣ ካውያው የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ መርፌ የሚሰካባት ትንሿ ትራስ ደግሞ ኮረብታው ናት። ነጭ አዝራር ወገን፣ ጥቁሩ ጠላት። መጀመሪያ ወንዙን ለመሻገር ሦስት ቀን ተዋጉ። ቀጥሎ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ተያዘ፣ ሁለት ጊዜ ተለቀቀ፤ ፋብሪካውን የያዘ አውራ ጎዳናውን ይይዛላ! ከዚያ ኮረብታው። ኮረብታው ላይ የወጣ ወንዙንም ፋብሪካውንም ቁልቁል ያያል። "እዚህ ጋ ጦርነቱ ተገለበጠ" ይላሉ አማቴ፣ መርፌ ሰክተው። ለመቃወም የሞከረ ካለ መልሱ የታወቀ ነው፦ "መሬቱን ያላየ አይፈርድም!"

ችግሩ፣ አገሩ ሁልጊዜ በሰው ጨርቅ ላይ መዘርጋቱ ነው። የሠርጌን ኮት ሊቆርጡ ተቀምጠው የግራ ክንፉን ግስጋሴ በጠመኔ አሰመሩልኝ። ምሳ በልተው ተመለሱና ያንኑ መስመር ይዘው ቆረጡት። በሠርጌ ፎቶ ላይ ግራ እጄን ኪሴ የከተትኩት ኩራት ይዞኝ አይደለም።

"እጅጌው አጠረ እኮ" አልኳቸው።

"ግራ ክንፉ ያን ጊዜም አልደረሰም" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ደንበኞችም አልተረፉም። "አባባ፣ የልጄ ዩኒፎርም ደረሰ?" ያለች እናት፣ "ልጄ፣ ጥይት እንኳ በሰዓቱ አልደረሰ!" ተብላ ተመልሳለች።

ከሰዓት በኋላ ጠላት ይመጣል። ጠላት ማለት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዓት ሠሪ ናቸው። በዚያኛው ወገን ተዋግተዋል፤ ስለዚህ ጥቁሮቹን አዝራሮች የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸው፣ በአማቴ ትእዛዝ።

"እንዴት ዋልክ፣ ተሸናፊ?" ይላሉ ሰዓት ሠሪው ሲገቡ።

"አሸንፈህ ምን አተረፍክ? የሰው ሰዓት እየነቀነቅህ ትኖራለህ!"

አንድ ቀን ትራሷን ላነሳ ስል የባለቤቴ እናት እጄን ያዙኝ። ትራሷ ላይ ነጭም ጥቁርም ያልሆነች፣ ማንም የማይነካት ቡናማ አዝራር አለች። "ተዋት፤ የአማትህ ታናሽ ወንድም ኮት አዝራር ናት" አሉኝ ቀስ ብለው። "ልጁ ኮረብታው ላይ ጥይት ሲጠብቅ እዚያው ሞተ። የመጀመሪያውን መኪና የነዳው ደግሞ አማትህ ነው። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ፣ ድልድዩ ሳይፈርስ አልቀረም ብሎ በዙሪያ ዞረ። ድልድዩ አልፈረሰም ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ኮቴ አላማረርኩም።

ያለፈው ሳምንት ጄኔራሉ መኪኖቹን መንታ መንገዱ ላይ እያሰለፉ ሳለ፣ ሰዓት ሠሪው ሳይታዘዙ አንድ ጥቁር አዝራር አንሥተው ትራሷ ላይ አኖሩ።

"ምን ሆነሃል? ገና ሌሊት ነው! እናንተ ኮረብታው ላይ የወጣችሁት ሲነጋ ነው።"

"ሲመሽ ነው የወጣነው። እኔ ራሴ ጉድጓድ ቆፍሬ አድሬበታለሁ። ብትበርም አትደርስም ነበር፣ አንተ ሰው።"

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሠላሳ ዓመት ምን አፍህን ዘጋው?"

"መች ጠየቅኸኝ? አንሣ፣ አስቀምጥ፣ ትለኛለህ እንጂ! ሹፌሩ አንተ መሆንህንም ሚስትህ ትናንት ባትነግረኝ አላውቅም ነበር።"

"ልታጽናናኝ ነው የምትዋሸው።"

"አንተን? ለአንተ ብዬ?" አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ጥቁሩን አዝራር በጣታቸው ወደ ትራሷ መሃል እየገፉ።

"መሬቱን ያላየ አይፈርድም" አሉ አማቴ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ወደ ኮረብታው ሊሄዱ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ሁለቱም በምሽት የተቆፈረ ጉድጓድ በጠዋት ከተቆፈረው እንዴት እንደሚለይ ጠንቅቀው ያውቃሉ፦ በጥድፊያ የተቆፈረ ጥልቀት የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ የተቆፈረ ግን ሰው በቁመቱ ይውጣል። የሠላሳ ክረምት ዝናብ ከጉድጓዱ ምን እንዳስቀረ እንጃ። ጄኔራሉ ቡናማዋን አዝራር በደረት ኪሳቸው፣ የወገብ መለኪያውን ሜትር በአንገታቸው አድርገዋል።

"በዚህ ኮረብታ ይለካል?" አልኳቸው።

"ጉድጓዱን ብቻ ነው የምለካው" አሉኝ፣ ከጠላት ጋር የመስኮቱን ወንበር እየተጋፉ።

ሱቁን እኔ ነኝ የምጠብቀው። የሱሪ ደንበኞች መጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዝራር አንሣልን ብለውኛል። አላነሣሁም። ሰዓት ሠሪው ያኖሯትን ጥቁር አዝራር ግን፣ ጉድጓዱ ምንም ይበል ምን፣ ትራሷ ላይ ጠበቅ አድርጌ ሰፋኋት።