ትራክተር ሆድ ውስጥ የተገኘ ጠፍር

«ጥፍርህን ቆርጠሃል እንዴ?» አለኝ የዳባቱ መካኒክ ጋሽ ታከለ፣ ከትራክተሩ ሆድ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ።

ትናንት መቁረጤን ነገርኩት። አዘነብኝ። ጥፍር የሌለው ሰው ሞተር ሲፈታ ምን ይሠራል? የእሱ የትንሽ ጣት ጥፍር እንደ ማንኪያ ረዝማለች። ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን የሞተሩን የጀርባ አጥንት፣ የሚመረምረው በእሷ ነው። ጥፍሯ ተንሸራታ ካለፈች ብረቱ ጤነኛ ነው። ከተያዘች ግን ተጭሯል፣ ተበልቷል።

ተያዘች።

ከተሜ አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ አገር ቤት ሲሄድ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። የባሰው ደግሞ አገር ቤት ያለው ሰውም ይህንኑ ማመኑ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ሙሉ በታክሲ ተሳፍሬአለሁ። አጎቴ አያ ደምሴ ትራክተር ሲገዙ አማካሪ አድርገው የጠሩኝ እንግዲህ በዚህ ሰፊ የሞተር ልምዴ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ነበር። አጎቴ ዳማንና ቦራን፣ ሁለቱንም በሬዎቻቸውን ሸጡ። ጎረቤታቸውን አያ ፈንታን በአጥር ላይ ጠርተው፣ «አንተም በሬህን ሽጥና ሰው ሁን!» አሏቸው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሳቅሁ።

ትራክተሩ ከሰሊጥ ቆላ የመጣ ሽማግሌ ነው። ሻጩ አስነሳው። ጆሮዬን እንደ ሐኪም ሞተሩ ላይ ለጠፍሁ። ጸጥ፣ ልስልስ ያለ ድምፅ። አጎቴ ግን አላማራቸውም። በሬ ሲገዙ ጠምደው ሳያዩ ገዝተው አያውቁም፤ እና ይህም አንድ ውሎ ይረስልኝና ልየው አሉ።

«ኧረ አያ!» አልኩ። «ይሄ እኮ በሬ አይደለም። ሞተር በድምፁ ይታወቃል።»

ሻጩ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እንዴትስ አይነቀንቅ!

ግንቦት ላይ ማረሻው መሬት በገባ ቀን፣ ገና ሦስተኛው ፈር ላይ፣ ሞተሩ ውስጥ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ «አውጡኝ» የሚል መሰለ። የዘይት ግፊት የምታሳየው ቀስት ጋደም አለች። እንደገና አልተነሳችም።

አሁን እኔና አጎቴ አጠገቡ ቆመን ስናይ፣ ጋሽ ታከለ ሚክሮሜትሩን፣ ያችን የብረት ውፍረት መለኪያ፣ ከጨርቅ ውስጥ እንደ ጽዋ በጥንቃቄ አወጣ። ብረቱን በቁሙ ለካ። በአግድሙ ለካ። ሁለቱን ቁጥሮች መዳፉ ላይ ጻፈና አፈጠጠባቸው።

«ክብነቱ ቀርቷል፣ እንቁላል ሆኗል» አለ።

ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስሞርደውስ? አልኩ። ተስፋ መቼም ከእውቀት ማነስ ይወለዳል። ይህ ብረት በዕድሜው ሊሞረድ የሚችለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ በተሞረደ ቁጥር ይቀጥናል፣ የሚታቀፈው ብሮንዝ የሚሉት ግማሽ ክብ ብረትም ይወፍራል። ጋሽ ታከለ የብሮንዙን ጀርባ ገልብጦ ቁጥሩን አሳየኝ። የመጨረሻው ውፍረት ነበር። ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሞርደው ሞርደው ጨርሰውታል።

አዲስ ቢገዛስ?

«የሠራው አገር ራሱ ፈርሷል ወንድሜ። መለዋወጫ ከማን ልጠይቅልህ?»

ከብሮንዞቹ የመጨረሻው ያለበትን ክዳን ሲፈታ እጁ ቀጥ አለ። እዚያ ብሮንዝ የለም። በብሮንዙ ቦታ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ፣ ስንዝር የምትሆን ጠፍር ተጠቅልላለች። ብረት ከብረት ጋር እንዳይጋጭ፣ ገዢ እስኪሄድ ድረስ ዝም እንዲል። ያ ልስልስ ያለ ድምፅ የቆዳ ድምፅ ነበር። ግማሽ ቀን ቢያርስ ኖሮ በጥር ይጮህልን ነበር።

«ይሄን ጉድ ማነው የመረጠላችሁ?» አለ ጋሽ ታከለ፣ እየሳቀ።

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ።

ሳቁ ቆመ። አጎቴ ጠፍሯን ተቀብለው አሸት አሸት አደረጓት፣ አጠፏት፣ አሸተቷት።

«የበሬ ናት» አሉ። «ሁለት በሬ ሰጥቼ ስንዝር በሬ ተመለሰልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ምን ቀረ? ዝናቡ ደጅ ደርሷል፣ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በሬ ላለው በእኩል ይሰጣል፤ ሌላው ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። በመንደሩ ደግሞ ሥራ ፈት በሬ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

አመሻሹ ላይ አያ ፈንታ ደጅ ደረስን። እኔ ላናግርልዎ አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልንገራቸው።

«አንተ ብዙ ተናግረሃል፣ ልጄ። እዚሁ ቁም።»

ጠፍሯን በጃቸው እንደያዙ አንኳኩ። አያ ፈንታ ከፈቱ፤ አጎቴን አዩ፣ ከኋላ እኔን አዩ፣ አሻግረው ባዶውን መንገድ አዩ።

«ደምሴ! ምነው በእግርህ? ትራክተሩን የት አቆምኸው?»

አጎቴ ጎንበስ ብለው ገቡ። በሩ ተዘጋ።