ስግደት የማያውቅ ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ሲዋሽ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ልብስ አሰፍቶ አያውቅም ማለት ነው። «ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ብቅ ይበሉ» ይላል፤ ጨርቁን ገና መቀስ አልነካውም። ቢሆንም የኛ ሰፊ ይዋሻል እንጂ ሰው አያዝዝም። አንገቱን አጥብበው ስለው ያጠብበዋል፣ አለቀ።

የፈረንሳዮቹ ሌላ ነው። የልጅ ልጄ መክሊት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልብስ ዲዛይን ትማራለችና ስታጠና ሰምቻለሁ። እዚያም ድሮ እመቤቲቱ ጨርቋን ገዝታ፣ ሰፊውን ቤቷ አስጠርታ ታዝዝ ነበር አሉ። በኋላ አንዱ ፓሪስ ላይ ቤት ከፍቶ፣ ልብሱን ራሱ እያሰበ፣ ስሙን እንደ ሰዓሊ ከልብሱ አንገት ውስጥ እየሰፋ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሰፊ አዛዥ፣ እመቤት ታዛዥ። ወገቧ ተጠፍሮ መተንፈስ ቢያቅታት እንኳ «ያምርብዎታል» ካላት አመስግና ትወጣለች። ጉድ እኮ ነው!

መክሊት ለመመረቂያዋ በዚያ በድሮው የፓሪስ አሠራር ለአንድ ሰው ልክ የሚሆን ቀሚስ ሰፍታ፣ ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ማስረከብ ነበረባት። ካላስረከበች ምረቃ የለም። ልኬቱ የተወሰደው ከኔ ነው። ከማን ይወሰድ ታዲያ?

በስቅለት ጧት ሳሎን በሩ ላይ ነጭ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ በኔው ልክ የተሰፋ ቀሚስ ተሰቅሎ አገኘሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ደረሰ ብዬ ለበስኩት። እዚህም እዚያም በእርሳስ ተሰምሮበታል። የተቀደደ ሱሪ ከደህናው አስበልጠው በሚሸጡበት አገር እርሳስ ምን ይገርማል? ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ፤ ልጄ በመኪና እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን አደረሰችኝ።

ወይዘሮ አስካለ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ይቺ ሴት የሰው ልብስ ሳታይ ጸሎት አትጀምርም።

«በስቅለት አዲስ ልብስ፣ እትዬ ላቀች?»

«የፓሪስ ነው» አልኳት። ይበቃታል።

ስግደቱ ተጀመረ። ጎንበስ ስል ከኋላዬ አንድ ነገር ተርርር አለ። ከአንገቴ እስከ ወገቤ ብርድ ገባ።

«እትዬ ላቀች» አለች አስካለ በሹክሹክታ፣ «ፓሪስዎ ተተርትሯል!»

ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ የምናለቅስ መስሏቸው ቄሱ አመሰገኑን።

ቤት ስገባ መክሊት ጮኸች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! ይሄ እኮ ሙከራ ነው!» ለካ የፓሪስ ሰፊ ውዱን የሐር ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ያንኑ ቀሚስ መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዲ፣ በላላ ክር ይሰፋዋል፤ ሰውነት ላይ ለክቶ ካረመ በኋላ ነው ወደ ሐሩ የሚሄደው።

«ታዲያ እኔም ሞከርኩት» አልኳት።

«ሰኞ እኮ ነው ሰብሚት የማደርገው!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ይቅርታ ግን ከአፌ አልወጣም። «ከምታለቅሺ የት ላይ እንደተተረተረ እዪ። ቆሞ ብቻ የሚያምር ልብስ ለሐውልት ስፊ።»

እንባዋን ጠረገች። ከዚያ እርሳሷን አነሳችና «እስቲ እንደገና ስገጂ» አለችኝ። ሳሎን መሀል አሰገደችኝ፣ አስነሳችኝ፣ አሰገደችኝ። ፋሲካን በስፌት አሳለፈች፤ የሐሩ ቀሚስ ጀርባ ላይ ጎንበስ ሲሉ የሚከፈት፣ ቀና ሲሉ የሚገጥም እጥፋት ገባበት። ሰኞ አስረከበች፣ ተመረቀች። መምህሯ ጀርባውን ወዳ «ማን አሳየሽ?» ብትላት «የራሴ ሐሳብ ነው» ብላለች። ስሟንም ከአንገቱ ውስጥ ሰፍታበታለች። የቀደድኩት እኔ፣ ስሙ የእሷ! ፓሪስን በደንብ ተምራለች።

በዓለ ሃምሳ አልፎ ስግደት ሲፈቀድ፣ ሐሩን ለብሼ ስሰግድ አስካለ ጀርባዬን ስትጠብቅ ዋለች። ምንም። በሳምንቱ ደውላ ለእሷም እንዲሰፋላት ለመነች፤ መክሊትም እሺ አለች።

ይኸው ስንት ጊዜ ሆነው። ትናንት አስካለ ስትደውል፣ ልጅቷ ያልተቆረጠውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው፣ ነገ ብቅ ይበሉ» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ።

አሁን ገና ልብስ ሰፊ ሆነች።