ዴድላይን ከየት እንደመጣ ባላውቅ ኖሮ

ዕውቀት ፍርሃትን ያጠፋል እያልኩ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ አትጠይቀኝ። አሁን ትቼዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። "ዴድላይን" የሚሉትን ቃል መቼም ታውቀዋለህ። ነቀምቴ ውስጥ ልብስ ሰፊው እንኳ ዴድላይን አለው፤ አያከብረውም እንጂ። ሰው ሁሉ እንዲሁ ይጠቀምበታል። እኔ ግን አርፌ አልቀመጥ አልኩና ከየት መጣ ብዬ መጽሐፍ አገላበጥኩ። ድሮ አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲዋጉ፣ ምርኮኞች በታጎሩበት ግቢ ውስጥ መስመር ነበር አሉ። እሱን ያለፈ ምርኮኛ ይተኮስበታል። "ሞት" እና "መስመር" ተጋጥመው ቃሉን ወለዱት። ለተማሪዎቼም ደረቴን ነፍቼ አስተማርኩ።

የምኖረው እዚሁ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር፣ የማስተምረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዲጋ ነው። ባለፈው ሰኞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ውጤት እስከ አራት ሰዓት ይግባ ስላለ፣ የተማሪዎቼን ሮስተር ታቅፌ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ላይ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አለ። ሥርዓቱን የማያውቅ የለም። መኪናው ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ መታወቂያውን ከፍ አድርጎ ወደ ገመዱ በእግሩ ይሄዳል። መሃል ላይ ግን አይቆምም። መቆም ያስጠረጥራል።

እኔ ቆምኩ።

ስንት ጊዜ ያለፍኩት ገመድ ነው። የዚያን ቀን ግን የምርኮኞቹ ግቢ ትዝ አለኝ። ፈራሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ፈታሹ ለምን ቆምክ ብሎ ጮኸ። ምን ልበለው? የቃል አመጣጥ አስቁሞኝ ነው ልበል? ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁ፤ እዚያው የማልቅ መሰለኝ።

ከኋላዬ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"ኮቱ ኢልመኮ፣ አትቁም ልጄ፣ አብረን እንሂድ።"

ለፈታሹም በኦሮምኛ መምህር ነው፣ አሞት ነው አሉና እንደ ሕፃን እየመሩ አሻገሩኝ።

ከገመዱ ማዶ ሆነን ላቤን ስጠርግ፣ ምን አይተህ ነው አሉኝ። የቃሉን ታሪክ ከነምርኮኞቹ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ መስመሩ ለምርኮኞቹ ይታያቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ በደንብ ይታያቸዋል አልኩ።

"ታድለው" አሉ አዴ ጫልቱ፣ ቅቤያቸውን እያነሱ። "እኛ መስመሩ የት ጋ እንደነበር የምናውቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው።"